ሽንኩርት፣ የሥር ፈንገስና ዘላዮቹ፦ ከሐረር ጓሮ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ነሐሴ

ዛሬ አፈር ፍለጋ ወጣሁ። ከሐረር ወደ ሐረማያ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ የማሽላ ማሳ አላቸው። ግማሹ ማሳ ሮዝ አበባ ለብሷል። ለማያውቅ ሰው ያምራል። አቀንጭራ ነው፤ የማሽላውን ሥር ይዞ የሚመጥ፣ ገበሬ የሚያስለቅስ አረም።

«አባባ፣ ጥቂት እግር ማሽላ ከነሥሩ ልንቀል?» አልኳቸው።

«መንቀል ካማረህ አቀንጭራውን ንቀልልኝ» አሉኝ። ሁለቱንም ነቀልኩ።

የፈለግሁት ሥሩንና ሥሩ ላይ የቀረውን አፈር ነው። እዚያ ውስጥ ማይኮራይዛ የሚባለው የሥር ፈንገስ አለ። ስሙን በ1885 እ.ኤ.አ. (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ነገሩ ሰጥቶ መቀበል ነው። ተክሉ ከፀሐይ ብርሃን የሠራውን ምግብ ይሰጣል። ፈንገሱ ፎስፈረስና ዚንክ ከአፈር ለቅሞ ያመጣል። ፎስፈረስ አፈር ውስጥ እንደ ልብ አይንቀሳቀስም። ሥር በዙሪያው አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ያለውን ከጨረሰ አለቀ። የፈንገሱ ክር ግን እጅግ ቀጭን ነው፤ ሥር በማይገባበት ይገባል፣ ብዙ ሴንቲ ሜትር ርቆም ይሄዳል። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ባቄላ፣ የባቢሌ ለውዝ፣ ቡና፣ ሽንኩርት ሁሉም ከእሱ ጋር ይኖራሉ። ጎመንና ሰናፍጭ ግን አይፈልጉትም።

እኔን የያዘኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ያ ክር የሚያልፍበት አፈር ባዶ አይደለም። የምድር ትል አለ። ምስጥ አለ። ጉንዳን አለ። ኔማቶድ የሚባል በዓይን የማይታይ ትል አለ። ኮሌምቦላ የሚባሉ ደቃቅ ዘላዮች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ፈንገስ የሚበላው ብዙ ነው። ታዲያ መሀል ላይ ያለው ክር ከተበላ ተክሉ ምን ይተርፈዋል?

ነሐሴ መጨረሻ

መጀመሪያ ፈንገሱን ማብዛት አለብኝ። ሥር ከሌለ አይኖርም፤ ስለዚህ እንደ እርሾ ጠርሙስ ውስጥ አይረባም። ሕያው ተክል ይፈልጋል።

የወንዝ አሸዋ አጥቤ በርሜል ውስጥ በእንፋሎት ቀቀልኩት። ከዚያ የማሽላውን ሥር አድቅቄ ከነአፈሩ ከአሸዋው ጋር ቀላቀልኩ። ታቹ የተበሳ የቀለም ባልዲ ውስጥ ሞላሁና ማሽላ ዘራሁበት። ማዳበሪያ የለም። ጎረቤቶቼ ይህን ሊገባቸው አልቻለም። ግን ዳፕ የጠገበ ተክል ፈንገሱን አያስጠጋም፤ ፎስፈረሱን በነፃ ካገኘ ለምን ይከፍላል? ሦስት ወር ያህል መጠበቅ ነው።

ጥቅምት

ማሽላው ያድጋል፤ እኔ ዘላዮቹን ላጠምድ ተነሣሁ።

ሐረር ውስጥ የማይጠፋ ነገር ቢኖር ገረባ ነው። ጫት ተቅሞ የቀረው ቅጠልና እንጨት በየቀኑ ይጣላል። የተረፈውን ፍየሎች ይጨርሱታል። እኔ ግቢ ጥግ ላይ ከፍግ ጋር የከመርኩት ክምር አለ፤ ከክረምቱ ወዲህ ጠቁሮ ፍርፍር ብሏል። ከሥሩ ሁለት እፍኝ ወሰድኩ።

ማጥመጃው የድሃ ነው። ሃይላንድ ለሁለት ቆረጥኩ። የላይኛውን ግማሽ ገልብጬ ከታችኛው ላይ አስቀመጥኩ። አንገቱ ላይ ወንፊት፣ ወንፊቱ ላይ ብስባሽ፣ ከላይ አምፖል። ብስባሹ ከላይ እየሞቀና እየደረቀ ሲመጣ እንስሳቱ ወደ ታች ይሸሻሉ፤ በመጨረሻ በአንገቱ በኩል ይወድቃሉ። ዘዴው የጣሊያናዊው አንቶኒዮ በርሌሴ ነው። እሱ በሙቅ ውሃ ነበር የሚያሞቀው። አምፖሉን ያመጣው በኋላ ስዊድናዊው አልበርት ቱልግሬን ነው። መብራት ሲሄድ ሥራው ይቆማል፤ አቦ፣ ምን ታደርገዋለህ።

ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ታችኛውን ግማሽ በማጉያ መነጽር አየሁት። ማይት የሚባሉ ቀይ የመዥገር ዘመዶች ይርመሰመሳሉ። አንዲት የምስጥ ሠራተኛ አለች። ከዚያ ነጮቹ። ርዝመታቸው ሁለት ሚሊ ሜትር አይሞላም። ዓይን የላቸውም። ሆዳቸው ሥር ለሁለት የተከፈለ ጅራት ታጥፎ ተቀርቅሯል። በብሩሽ ጫፍ ስነካው ጅራቱ ተፈታና እንስሳው ከዕይታዬ ጠፋ። ውሃ ጠብ ሳደርግባቸው ሰመጡ ብዬ ነበር። ቆዳቸው ውሃ አያስነካም። ውሃው ላይ ቆመው፣ ከውሃው ላይ ተነሥተው ዘለሉ።

ነጮቹን ብቻ ለይቼ ምግብ መያዣ ፕላስቲክ ውስጥ በእርጥብ ከሰል ላይ አኖርኳቸው። የሚበሉት ለዳቦ የሚሆን ደረቅ እርሾ ነው፤ ለአንድ ሳምንት አንድ ቁንጣሪ ይበቃል። ሲበዛ ይሻግታል። ክዳኑን በየሁለት ቀኑ ከፍቶ ማናፈስ ያስፈልጋል።

ድሬዳዋ ያለው ጓደኛዬ ይህን ሰምቶ እሱም ጀመረ። እነዚህ ነጭ ዝርያዎች 20 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚመቻቸው። የእሱ ሳጥን ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። ደወለልኝ። «ወሪያ፣ እዚህ እንኳን ያንተ ነፍሳት እኛም አልቻልነውም» አለኝ። አሁን ሳጥኑን ከውሃ ጀሪካኑ ጎን መሬት ላይ አድርጎታል። ከሞት የተረፉት እየበዙ ነው። የሐረር ብርድ ለዚህ ሥራ ጸጋ ነው።

ኅዳር

የባልዲውን ማሽላ ውሃ ከለከልኩት። ሲደርቅ ፈንገሱ ዘሩን ያበዛል። ከዚያ ግንዱን ቆርጬ ሥሩን ከነአሸዋው ከታተፍኩ። ዘሩ መኖሩን ለማየት አንድ እፍኝ አሸዋ በውሃ በጥብጬ፣ ከባዱ እስኪዘቅጥ ጠብቄ፣ ውሃውን በሻይ ወንፊት ቀጥሎም ጥቅጥቅ ባለ ጨርቅ አሳለፍኩ። የገርዴማንና የኒኮልሰን የ1963 ዘዴ ይኸው ነው፤ የእነሱ ወንፊት ግን ከእኔ ነጠላ ቁራጭ የተሻለ ነበር። ጨርቁ ላይ በማጉያ ሲታይ ቢጫና ቡናማ፣ ድቡልቡል፣ የሚያብረቀርቁ ፍሬዎች አሉ። ሰፍተዋል ከተባለ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው፤ ብዙዎቹ ከዚያም ያንሳሉ።

አንድ ነገር እዚህ መዘለል የለበትም። ለማነጻጸር ፈንገስ የማይገባበት ባልዲም ይኖራል፤ እሱም ባክቴሪያ ማግኘት አለበት። አለበለዚያ ልዩነቱ ከፈንገሱ ይምጣ ከባክቴሪያው አይለይም። ስለዚህ ከፈንገሱ አሸዋ ትንሽ በውሃ በጥብጬ በቡና ማጣሪያ ወረቀት ደጋግሜ አሳለፍኩ። ባክቴሪያው ያልፋል፤ የፈንገሱ ፍሬ አያልፍም። ያን ውሃ ፈንገስ በሌለባቸው ላይ አፈሰስኩ።

ታኅሣሥ

የሽንኩርት ችግኝ ተተከለ። ሽንኩርት የመረጥኩት ሥሩ ወፍራምና የሥር ፀጉር የሌለው ያህል ስለሆነ ነው። ፈንገሱን ካጣ በግልጽ ያስታውቃል።

ዘላዮቹን ስንት ላድርግ? በአንድ ካሬ ሜትር ጥሩ አፈር ላይ ከ10,000 እስከ 100,000 ይገኛሉ። የባልዲዬ አፍ 0.03 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ሲባዛ ዝቅተኛው 300፣ ከፍተኛው 3,000 ይሆናል። 3,000 ለያንዳንዱ ማርባት ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ ከፍተኛውን 2,000 አካባቢ አደረግሁት። ቆጠራው የሚገባውን ያህል አያስቸግርም። ከሰሉን ሰፊ ሳህን ውሃ ላይ መታ መታ ታደርጋለህ። ሁሉም ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ። በስልክ ፎቶ ታነሣና አንድ ጥጉን ቆጥረህ ታባዛለህ።

እንግዲህ አንዳንዱ ባልዲ ፈንገስ የለውም። አንዳንዱ ፈንገስ ብቻ አለው። ሌሎቹ ፈንገስና ጥቂት ዘላይ፣ ወይም ፈንገስና ብዙ ዘላይ አላቸው። ከዚያ ዋናው የኔ ጥያቄ ይመጣል፤ ብዙ ዘላይ ኖሮ ላዩ በበሰበሰ ገረባ ቢሸፈንስ? ገረባው ራሱ ማዳበሪያ እንዳይሆንብኝ ደግሞ ገረባ ብቻ፣ ዘላይ የሌለው ጨመርኩ። የሚለበሰው ገረባ ሁሉ ቀድሞ በእንፋሎት ተቀቅሏል። ባልዲዎቹ ጡብ ላይ ቆመዋል፤ ጉንዳን እንዳይወጣባቸው የጡቡ ዙሪያ በግራሶ ተቀብቷል። አፋቸው በሻሽ ታስሯል።

ጥር

ሌሊቱ ይበርዳል፤ ሽንኩርቱ ቀስ ይላል። እስኪያድግ ድረስ ያለውን ዕውቀት ልጻፍ።

በ1982 እንግሊዝ አገር ዋርኖክ፣ ፊተርና አሸር ይህንኑ በባሮ ሽንኩርት ሞክረው ነበር። ዘላዮቹ ሲገቡ ፈንገሱ ለባሮው የሚሰጠው ጥቅም ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ለተወሰነ ጊዜ ኮሌምቦላ የማይኮራይዛ ጠላት ተደርጎ ተቆጠረ። በ1990ዎቹ ካናዳ ውስጥ ክሊሮኖሞስና ኬንድሪክ ምርጫ ሰጧቸው። ዘላዮቹ የበሰበሰ ቅጠል ላይ የሚኖረውን ፈንገስ መረጡ። የማይኮራይዛውን ክር የበሉት ሌላ ሲያጡ ነው። ሲበሉም ከሥሩ የራቀውን ቀጭን ክር እንጂ ወፍራሙን ዋና መስመር አይነኩም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የ2001ዱ ነው። ክሊሮኖሞስና ሃርት ነጭ ጥድ ላይ ላካሪያ ባይከለር የሚባለውን የሥር ፈንገስ ይዘው ሠሩ። እዚያ የሚበላው ተገለበጠ። ፈንገሱ ዘላዮቹን ገድሎ ናይትሮጅናቸውን ወሰደ፤ ለጥዱም አካፈለው። ጥዱ ካገኘው ናይትሮጅን እስከ 25 በመቶ የሚሆነው ከእነዚህ እንስሳት የመጣ ነበር። ይህ የጥድ ፈንገስ ሥሩን ከውጭ የሚሸፍን ሌላ ዓይነት ነው፤ የማሽላና የሽንኩርቱ ሥሩ ሴል ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሽንኩርቴ ሥጋ በላ ይሆናል ብዬ አልጠብቅም። ሐኪም ጋራ ላይ ያለው ባሕር ዛፍ ግን ሁለቱንም ዓይነት ፈንገስ ማስጠጋት ይችላል። አንድ ቀን እዚያ ሥር መቆፈሬ አይቀርም።

የካቲት

ነቀልኩ። ለዓይን የሚታየውን አስቀድሜ ልጻፍ።

ፈንገስ የሌለው ሽንኩርት ቀጭጯል። ቅጠሉ የደበዘዘ አረንጓዴ ነው፤ ጫፉ ደርቋል። ፈንገስ ብቻ ያለው አድጓል። ጥቂት ዘላይ ያለበት ከእሱ አይተናነስም። እንዲያውም ትንሽ በለጥ ያለ መሰለኝ፤ ግን በዚህ ቁጥር ባልዲ አልምልበትም። ጥቂት ሲግጡት ክሩ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ኩሳቸውም ንጥረ ነገር ይለቃል የሚሉ አሉ። ብዙ ዘላይ ያለበት ወደ መጀመሪያው ተጠግቷል፤ መቀጨጩ ያን ያህል ባይከፋም ፈንገስ አለው ብሎ የሚገምት የለም።

ገረባ የለበሱት ሁለቱ እኩል ናቸው። 2,000 ዘላይ ያለበትን ከሌለበት በዓይን መለየት አልቻልኩም። የጎረቤት ልጆችን ጠርቼ ሳልነግራቸው አሰለፍኳቸው። እነሱም አልለዩትም።

ገረባውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ዘላዮቹ አልሞቱም፤ ተባዝተዋል። እዚያው ቅጠሉ ሥር ተሰብስበው ሻጋታውን እየጋጡ ነው። ወደ ሥሩ የወረደው ጥቂት ነው።

መጋቢት

ሥሩን ማቅለም። የምወደው ክፍል ይህ ነው።

ላቦራቶሪ የሌለው ሰው ሥር ውስጥ ያለ ፈንገስ በአቼቶና በብዕር ቀለም ማየት ይችላል። ፊርሃይሊግና ባልደረቦቹ በ1998 ያወጡት ዘዴ ነው። ከዚያ በፊት ይሠራበት የነበረው ማቅለሚያ ጤና ይጎዳል ተብሎ የሚፈራ ነበር። መጀመሪያ ሥሩን አጥበህ በአንድ ሴንቲ ሜትር ትቆርጣለህ። 10 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ታፈላዋለህ፤ የሽንኩርት ሥር ለስላሳ ስለሆነ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ይህ ቆዳ ያቃጥላል። ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል፤ ምግብ ወደሚበስልበትና ልጆች ወዳሉበት ማድቤት አይገባም። እኔ ፈሳሽ ሳሙና ከሚሠራ ሰው ነው የገዛሁት፤ ከግቢ በር ላይ በከሰል ምድጃ አፈላሁት። ሥሩ ነጥቶ ብርሃን ሲያሳልፍ በደንብ ታጥበዋለህ። ከዚያ 5 በመቶ የብዕር ቀለም የተጨመረበት ነጭ አቼቶ ውስጥ ሦስት ደቂቃ ታፈላዋለህ። በመጨረሻ ጥቂት ጠብታ አቼቶ ባለበት ውሃ ውስጥ ትተወዋለህ። ትርፉ ቀለም ይወጣል፤ ፈንገሱ የያዘው ይቀራል።

ማይክሮስኮፑን ከአንድ አስተማሪ ወዳጄ ተዋስኩ። የሥሩ ሴሎች ባዶና ግልጽ ሆነው ተደርድረዋል። በመካከላቸው ሰማያዊ መስመር ይሄዳል። ከመስመሩ አንዱ ቅርንጫፍ የሴሉን ግድግዳ በስቶ ገብቷል። ውስጥ ገብቶ እንደ ጥቃቅን ቁጥቋጦ ተበታትኗል። ጫፎቹ ከመቅጠናቸው የተነሣ ይደበዝዛሉ። ልውውጡ የሚካሄደው እዚያ ላይ ነው። ወረድ ብሎ ቅባት የቋጠሩ ሞላላ ከረጢቶች አሉ።

የሚገርመው ብዙ ዘላይ የነበረበት ሥርም እንዲሁ ሰማያዊ ነው። ውስጡ ያለው ፈንገስ ደህና ነው። እኔ የጠበቅሁት ባዶ ሥር ነበር። ነገሩ የተገለጠው አሸዋውን ስመለከት ነው። አሸዋውን በጥብጬ አጣርቼ ያንኑ ቀለም ሰጠሁት። ገረባ ባልነበረበት፣ ዘላይ በበዛበት አሸዋ ውስጥ ያለው ክር አጫጭር ቁርጥራጭ ነው። በሌሎቹ ውስጥ ረጅምና የተጠላለፈ ነው። ዘላዮቹ ሥሩ ውስጥ አይገቡም። ከደጅ ያለውን ክር ነው የሚቆርጡት። ስለዚህ ሽንኩርቱ የሚከፍለውን እየከፈለ ዕቃው አይደርሰውም። ከፈንገስ አልባው ብዙ ያልራቀው ለዚህ ይመስለኛል።

ይህን ያየ ሰው «ታዲያ አፈሩ ላይ ፀረ-ተባይ እርጨው» ሊል ይችላል። እኔ በዚህ አልስማማም። እነዚሁ ዘላዮች ችግኝ የሚያጠወልገውን ሪዞክቶኒያ የተባለ ጎጂ ፈንገስ ይበላሉ። የምድር ትልም እንደዚሁ ነው፤ ሲቆፍር ክር ይበጥሳል፣ ግን የፈንገሱን ፍሬ ሆዱ ውስጥ ይዞ ሄዶ በኩሱ ሌላ ቦታ ይዘራዋል። የተጣላናቸውን ሁሉ እየገደልን አንዘልቅም። የኔ ባልዲዎች የሚሉት ሌላ ነው፦ ጉዳቱን የሚወስነው የእንስሳቱ መኖር ብቻ ሳይሆን የሚበሉት ሌላ ነገር መኖር አለመኖሩ ነው።

ሚያዝያ

ወደ ሽማግሌው ማሳ ተመለስኩ፤ ማሽላ የሚዘራበት ጊዜ ደርሷል። ማሳው እንደ ተጠረገ ነው። አገዳው ለከብት ሄዷል፤ የቀረው ለማገዶና ለአጥር። ሐረርጌ ውስጥ አገዳ መሬት ላይ ትቶ የሚሄድ ገበሬ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ የሚወቀሱበትም አይደለም። ግን አፈሩ ውስጥ ላለው እንስሳ የቀረው ምግብ ሥሩና በሥሩ ዙሪያ ያለው ክር ነው።

ከአቀንጭራም ጋር የሚያገናኘው አለ። ማሽላ ፎስፈረስ ሲያጥረው ከሥሩ ስትሪጎላክቶን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል። ፈንገሱን መጥሪያ መሆኑ የታወቀው በ2005 ነው። የአቀንጭራ ዘር ግን ያንኑ ጥሪ ሰምቶ ይበቅላል። የመጀመሪያው ንጥረ ነገር በ1966 ከጥጥ ሥር ሲገኝ ስሙን ያገኘው ከዚሁ አረም ሳይንሳዊ ስም፣ ከስትሪጋ ነበር። ፈንገሱ ሥሩን ከያዘ በኋላ ማሽላው ጥሪውን ይቀንሳል፤ አቀንጭራውም ያንሳል። ከዚሁ ከሐረማያ ተምረው የወጡት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ዘር የመጀመሪያው መፍትሔ ነው፤ እኔ የምለው የሚዘራበትንም አፈር እንይ ነው።

ሽማግሌው አዳመጡኝ። «አገዳዬን አልሰጥህም» አሉ። «ገረባ ግን ከከተማ አምጣ፤ ፍየሎቹ ሳይቀድሙህ።»

አመጣሁ። በጆንያ። የጫት መድኃኒት የተረጨበት እንዳይሆን ምንጩን እየጠየቅሁ ነው የምሰበስበው፤ ያልታወቀውን አጥቤ ክምሩ ላይ ለወራት አቆየዋለሁ። ጥቂት መስመር ላይ ማሽላው ሥር የበሰበሰ ገረባ አነጠፍን። ጥቂት መስመር ላይ የባልዲውን ፈንገስ ከማሽላው ዘር ጋር ጨመርን። ሌላው ላይ ሁለቱንም። የቀረው እንደ ወትሮው። በየመስመሩ ካስማ ተክለናል። ከየመስመሩ አፈር እየወሰድኩ በአምፖሉ ሥር አስቀምጣለሁ፤ ዘላዩ የቱ ጋ እንደሚበዛ በዚያ ይታወቃል።

ዳፑን መተው ግን ልጃቸው እምቢ አለ። ያለ ማዳበሪያ ማሽላ አይታሰብም ባይ ነው፤ እሱ ላይም አልፈርድም። ተከራክረን ካስማ ባለባቸው መስመሮች ላይ ግማሹን ብቻ ሊጨምር ተስማማን።